ሻኛ የሌለው ጥጃ

ባለፈው ሰሞን በጉቴ፣ በእህቴ ልጅ ቤት ሳለሁ ላሞችን ያለ ኮርማ የምታስረግዘው አዳቃይ በሞተር ብስክሌት መጣች። ገና ልጅ እግር ናት። ከኋላዋ ያሰረችውን እንስራ የሚያህል የብረት ዕቃ አውርዳ ክዳኑን ስታነሳው ነጭ ጉም በአፉ ሞልቶ ፈሰሰና ጭቃው ላይ ተኝቶ ጠፋ። ቀጥላ ረጅሙን ጓንት እስከ ብብቷ ሳበችው። የላስቲኩ፣ የሳሙናውና የትኩስ እበቱ ሽታ አንድ ላይ ሆኖ አፍንጫዬ ሲገባ የተደገፍኩትን አጥር ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ።

«ይሄኛው ዘር ጾታው ተለይቶ የመጣ ነው፤ አልፎ አልፎ ካልሆነ አይስትም» አለች። «ሴት ነው አይደል የምትፈልጉት?»

የእህቴ ልጅ ሳቀችና ወንድ ጥጃ ማን ይፈልጋል አለች። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፤ በዚያ ግቢ ስለ ከብት የመጨረሻው ቃል የእኔ ነውና። እኔ ዓይኔን ከብረት ዕቃው ላይ አላነሳሁም። እርጅና ነው ብለው አለፉኝ።

እርጅና አልነበረም። ከነቀምቴ እስከ አንገር ጉቲን ድረስ ላም ኮርማ መፈለጓን በዓይኑ አይቶ ሰዓቱን የሚናገር ሰው ቢፈለግ የሚገኘው እኔ ነኝ፤ ይህንንም የሚክድ የለም። ያስተማረኝ ትምህርት ቤት አይደለም። አማርኛ ማንበብ እንኳ የለመድኩት ስኳር ከሚጠቀለልበት የጋዜጣ ቁራጭ ነው፤ ዛሬ ለሰፈሩ ሰው ማመልከቻ የምጽፈው ግን እኔ ነኝ። የከብቱን ነገር የተማርኩት በልጅነቴ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ነው። ያ ዓመት ደግሞ አንዲት ላም ሴት ትወልድ ይሆን ወንድ እያልን የተጨነቅንበት ዓመት ነበር።

ያሳደገችኝ አዳዳ ፊጤ ናት። በእኛ አገር የአባት እህት አዳዳ ትባላለች። እናታችን ታናሽ እህቴን ሌንሴን ወልዳ ስትሞት አባታችን እርሻ ሥራ ፍለጋ ወደ ቆላው ወረደ፤ እኛን ለእህቱ ተወ። አዳዳ ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች፣ ሲናገሯት ቶሎ የማትመልስ፣ ስትመልስ ግን የማትደግም ሴት ነበረች። የራሷ ከብት አልነበራትም። ደጃችን የምትታሰረው ዳማ የኦቦ ደበላ ላም ነበረች።

ኦቦ ደበላ ከጉቴ ወጣ ብሎ፣ በነቀምቴ መንገድ ዳር ሰፊ ግጦሽ የነበረው ባለጠጋ ነው። ኦቦ በእኛ ዘንድ አቶ፣ አዴ ደግሞ ወይዘሮ ማለት ነው። ያኔ ከብት የሌለው ሰው ከብት ካለው ላም ተቀብሎ ያረባ ነበር። ወተቱን አርቢው ይጠጣል፤ ጥጃው እንደ ውሉ ነው። ውሉ በሽማግሌ ፊት በቃል ይነገራል፤ ከአፍ የወጣ ቃል ደግሞ አይመለስም። የአዳዳና የኦቦ ደበላ ውል እንዲህ ነበር፤ ዳማ የምትወልደው ወንድ ሁሉ የኦቦ ደበላ ነው። መጀመሪያ የምትወልዳት ሴት ግን የአዳዳ ትሆናለች፤ ያቺ ሴት ጥጃ ጡት ስትተው ዳማ ወደ ባለቤቷ ትመለሳለች፣ አዳዳም የራሷን ጊደር ይዛ ትቀራለች።

ዳማ ወንድ ወለደች። ደግማ ወንድ ወለደች። ሦስተኛውም ወንድ ሆነ። እያንዳንዱ ጡት በተወ ቁጥር ኦቦ ደበላ ገመዱን ትከሻው ላይ ጥሎ እየመጣ ወሰደው። ቀድሞ አይወስድም፤ የሚጠባ ጥጃ ከእናቱ መነጠል በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ላሟም ጥጃዋን ካላሸተተች ወተት አትለቅም። ሦስተኛውን በወሰደ ዕለት ግን ደጃፉ ላይ ቆም አለና ልጁን ሊድር እንደሆነ፣ ዳማንም ለእርሷ ሊሰጣት እንዳሰበ ነገረን።

«አዴ ፊጤ፣ አሁን የምትወልደው የመጨረሻው ነው» አለ። «ሴት ከሆነች ዕድልሽ ነው። ወንድ ከሆነ በሳምንቱ ከነእናቱ እወስደዋለሁ።»

ሁለቱም የእርሱ ከሆኑ ላምና ጥጃ አልተነጣጠሉምና ነውር የለበትም። ሌንሴ አዳዳ እግር ሥር ተቀምጣ ባዶ ኩባያ ትልሳለች። ያቺ ልጅ ከወተት ሌላ የምትቀምሰውን ሁሉ ትመልሰው ነበር፤ እጆቿ እንደ ጭራሮ ቀጥነዋል። ዳማ ከሄደች ሌንሴ ምን እንደምትሆን ማንም በአፉ አልተናገረውም፤ እኔ እንኳ አውቀው ነበር።

አቶ መርሻ የመጣው በዚያው ዓመት ነው። ከሸዋ ተመድቦ ነቀምቴ የተቀመጠ አዳቃይ ነበር። ጉቴ ገበያ መጥቶ፣ ላሞቻችሁን ያለ ኮርማ አስረግዝላችኋለሁ ሲል ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ወዲያው ኮርማ ሱሬ ብለው ስም አወጡለት፤ ሱሪ የለበሰ ኮርማ ማለት ነው። አንዱ ቀረብ ብሎ፣ ኮርማው አንተው ራስህ ነህ ወይ ሲል ጠየቀው።

«እኔ ደብዳቤ አድራሽ ነኝ» አለ አቶ መርሻ ሳይቆጣ። «የጻፈው ኮርማ ሩቅ አገር ነው ያለው።»

ከዚያ ምልክቶቹን ዘረዘረ። ላሟ መኖ ትተዋለች፣ ያለ ምክንያት ትጮኻለች፣ ከኋላዋ እንደ እንቁላል ነጭ የጠራ ዝልግልግ ይወርዳል፤ ከሁሉም በላይ ሌላ ላም ስትወጣባት ሳትሸሽ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ይህን ጠዋት ያየ ማታ ያምጣት፤ ማታ ያየ በማግስቱ ጠዋት ያምጣት። ቶሎ ከመጣች አትይዝም፣ ከዘገየችም አትይዝም። ሰዉ እየሳቀ ተበተነ። እኔ ቆሜ ያለውን ሁሉ አንድ ሳላስቀር ደገምኩለት። ትክ ብሎ አየኝና፣ በጉቴ ዓይኔ አንተ ነህ አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋትና ማታ ዳማን መጠበቅ የእኔ ሥራ ሆነ፤ እንደ እኔም የጠበቀ የለም።

እርግጥ ነገሩን ሁሉ በራሴ መንገድ ነበር የተረዳሁት። አቶ መርሻ እጁን እስከ ትከሻው ላም ውስጥ እንደሚያስገባ ሰምቻለሁ። ስለዚህ ላም ሆድ ውስጥ ጥጃዎች፣ ወንዶቹም ሴቶቹም፣ በጆንያ እንዳለ ድንች ተደበላልቀው የተኙ መሰለኝ። ኮርማ እጅ የለውም፤ ያገኘውን ነው የሚቀሰቅሰው። ሰው ግን ዳብሶ ይለያል። ወንዱን ገፋ አድርጎ ሴቷን ይቀሰቅሳል።

አዳዳ ደግሞ የራሷ እምነት ነበራት። ጥፋቱ የዳማ አይደለም፣ የኦቦ ደበላ ኮርማ የጉራቻ ነው ትላለች። በዚህ አልተሳሳተችም፤ የጥጃው ጾታ የሚመጣው ከኮርማው ዘር መሆኑን ኋላ በራሴ አንብቤ አረጋግጫለሁ። ሌላው እምነቷ ግን ሰዓት ነበር። ላም ፍላጎቷ በጀመረ ሰዓት ከተጠቃች ሴት ትወልዳለች፣ ከዘገየች ወንድ ትወልዳለች ብላ ታምናለች። ጉራቻ ሁልጊዜ ዳማን የሚያገኛት ከብት ሲገባ፣ ከመሸ ነበር፤ ስለዚህ ሦስት ወንድ። አሁን ቀድማ መድረስ ፈለገች። ለኦቦ ደበላም ሳታስፈቅድ ልታደርገው ቆረጠች።

ጥቅምት ውስጥ፣ ገና ሊነጋጋ ሲል ዳማ ጮኸች። ዘልዬ ወጣሁ። የጎረቤት ጊደር ወጥታባታለች፤ ዳማ እንደ ምሰሶ ቆማለች። ዋዜማውን ማታ አይቻት ምንም አልነበረባትም፤ አሁን ጭራዋ ሥር የጠራው ዝልግልግ ይብለጨለጫል። ለአዳዳ ስነግራት ሌንሴን ለጎረቤት ሰጥታ፣ አሮጌ ጆንያ ቀድዳ የዳማን ኋላ ሸፈነችው፤ ወገቧ ላይ በጠፍር አጠበቀችው። ኮርማ መንገድ ላይ ቢያገኛት እንዳይደርስባት ነው። ዳማ ጉርድ ቀሚስ የለበሰች መሰለች።

ከመንደሩ ሳንወጣ ውኃ የቀዳች ሴት አገኘችን። «አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ አዴ ፊጤ፣ ላሟን ሠርግ ልትወስጃት ነው?»

«ሙሽራው ነቀምቴ ነው» አለች አዳዳ ሳትቆም።

ሳቄ የዘለቀው እስከ ኦቦ ደበላ ግጦሽ ድረስ ነው። ከብቱ ሳይወጣ እናልፋለን ብለን ነበር፤ ወጥቷል። ጉራቻ ከሜዳው ማዶ ራሱን ቀና አደረገ፤ የላይ ከንፈሩን ሰብስቦ አየሩን ሳበ። ከዚያ መጣ። የመንገዱን ዳር ቦይ እንዴት እንደዘለለው አላየሁም፤ አዳዳ «ሳብ!» ስትለኝ ብቻ ነው የሰማሁት። እኔ ከፊት ዳማን እጎትታለሁ፤ ዳማ ግን መቆም ነው የምትፈልገው፣ እግሯን ተክላለች። ጉራቻ ወጣባት። ጆንያው ተወጠረ፤ ጠፍሩ ሲንቋቋ ተሰማኝ። አዳዳ አፍንጫውን በዱላ መታችው፤ ደገመችው፤ እርሱ ዝንብ ያረፈበት ያህል እንኳ አልቆጠረውም። በስተጀርባ የጭነት መኪና መጥቶ ጡሩምባውን ለቀቀው። ጉራቻ ደንግጦ ወረደና ቦዩ ውስጥ ገባ። እኛ ሮጥን። የኦቦ ደበላ እረኛ ከሜዳው ላይ ቆሞ ሁሉንም አየ።

ራቅ ብለን ስንቆም አዳዳ ጆንያውን ዳበሰችው፤ አልተቀደደም። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ ብላ፣ «ጉርባ ኮ፣ ልጄ፣ አቶ መርሻ መቼ አያችኋት ቢለን ትናንት ማታ ነው የምንለው» አለችኝ። ዛሬ ጠዋት ካልን እስከ ማታ ያስጠብቀናል፤ ማታ ደግሞ ወንድ ነው።

ነቀምቴ ስንደርስ አቶ መርሻ እጁን እየታጠበ ነበር። ዳማን በእንጨት ማቆሚያው መሃል አስገባናት። እንደተፈራው ጠየቀ፤ አዳዳም ሳታመነታ ትናንት ማታ አለችው። ዳማን ዞሮ አያት፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ዓይኔ፣ አንተ ንገረኝ።»

የአዳዳ እግር ይታየኝ ነበር፤ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ሆኗል። እኔም እንደ እርሷ ሴት ነበር የምፈልገው። ነገር ግን በእኔ ሐሳብ ሰዓቱ ሳይደርስ የጥጃዎቹ እንቅልፍ ከባድ ነው፤ አሁን እጁን ቢያስገባ ሴቷን እንዴት ይቀሰቅሳታል? ቸኩሎ ወንዱን ቢነካስ? ደግሞ የእርሱ ዓይን ነኝ።

«ዛሬ፣ ሊነጋ ሲል» አልኩ።

አቶ መርሻ ጓንቱን መልሶ ሰቀለ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እንመለስበታለን አለ። እርሷ ዳማ አጠገብ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠች። ቀኑን ሙሉ አልዞረችም። ይዛ የመጣችውን ቂጣ ቆርሳ ድርሻዬን ድንጋይ ላይ አኖረችልኝ፤ በእጇ አልሰጠችኝም።

ሲያዘቀዝቅ አቶ መርሻ ዕቃውን ከፈተ፤ ጉሙ ፈሰሰ። ከውስጡ የኮርማ ዘር የያዘች፣ እንደ ስንደዶ የቀጠነች ቱቦ አውጥቶ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ነከራት። ከዚያ ግራ እጁ ዳማ ውስጥ እስከ ብብቱ ገባ፤ በቀኙ ቱቦዋን አስከተለ። ዓይኑን ጨፈነ፤ በጨለማ ቤት ዕቃ እንደሚፈልግ ሰው አንገቱን ዘመም አደረገ። እጁን ሲያወጣ መታገስ አቃተኝ።

«አገኟት?»

«ማንን?»

«ሴቷን።»

ሲገባው ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። የአዳዳን ፊት ባየ ጊዜ ግን ሳቁ ቆመ። «ልጄ፣ እኔ አልመርጥም» አለኝ ቀስ ብሎ። «ወንድና ሴት የሚመርጥ እጅ ገና አልተሠራም።»

በእኔ ቃል ቀኑ መሸ፤ እርሱ ደግሞ አልመረጠም።

ነቀምቴ ዘመድ ቤት አድረን ተመለስን። ዳማ እንደያዘች መጀመሪያ ያወቅሁት እኔ ነኝ፤ ኮርማ የምትፈልግበት ጊዜ ደርሶ ዝም ብላ አለፈች። ለአዳዳ ስነግራት «ደግ» ብቻ አለች። ከዚያ ወዲያ የምታናግረኝ ለሥራ ሆነ። ውኃ፣ እንጨት፣ ላሟን ፍታ። የዳማ ሆድ እየገፋ ሄደ። እኔ ዳማ ስትተኛ በየትኛው ጎኗ እንደተኛች እያየሁ፣ በቀኝ ከሆነ ሴት፣ በግራ ከሆነ ወንድ እያልኩ ከራሴ ጋር እወራረድ ነበር። አንዳንድ ቀን በግራ ስትተኛ ሳያዩኝ በእግሬ ገፍቼ አስነሳታለሁ።

እረኛው ያየውን ተናግሮ ኖሮ ኦቦ ደበላ መጣ። አልገባም፤ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ነው የተናገረው። ላሜን ያለ ፈቃዴ በመርፌ አስወጋሻት፣ ለአገር መሳቂያ አደረግሽኝ አለ። የወለደች ሳምንት ከሽማግሌ ጋር እመጣለሁ ብሎ ሄደ። አዳዳ ማታ ወተቱን ለሌንሴ ስትሰጥ ኩባያውን እስከ አፉ ሞላችው።

ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ሲወርድ ዳማ አማጠች። ሁለት የፊት እግሮች ወጡና እዚያው ቆሙ። እግሮቹ ወፋፍራም ነበሩ፤ እንዲህ ያለ እግር አይቼ አላውቅም። ዳማ ታቃስታለች፣ ትተኛለች፣ ትነሳለች፣ ምንም አይጨመርም። አዳዳ እጇን ቅቤ ቀብታ ገባች፤ ጭንቅላቱን አቃናችው። ከዚያ እኔ አንዱን እግር፣ እርሷ ሌላውን ይዘን፣ ዳማ ስታምጥ ሳብን፣ ስታርፍ አረፍን። እጄ ይንሸራተታል። ሁለቱም ሊሞቱ ነው ብዬ አለቀስኩ፤ እያለቀስኩ ግን አልለቀቅኩም። ድንገት ሁሉም ነገር ላላና ጥጃው ላያችን ላይ ፈሰሰ። ጥቁርና ነጭ ነበር፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ሰሌዳ አለ። አልተነፈሰም። አዳዳ አፍንጫውን በጣቷ ጠርጋ ጆሮው ውስጥ ነፋችበት፤ አስነጠሰ።

የኋላ እግሩን አንስታ አየች። መልሳ አስቀመጠችው። ዝናቡን ትክ ብላ አየች። እኔም አይቻለሁ፤ ወንድ ነበር።

በሳምንቱ ኦቦ ደበላ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጣ። ገመዱ ትከሻው ላይ ነው። ሽማግሌዎቹ ታዛው ሥር ተቀመጡ፤ እርሱ ቆመ። ውሉ ተደገመ። ወንድ ነው፤ ነገር አልቋል። ከሽማግሌዎቹ ታላቁ፣ ጥጃውን ከነእናቱ ውሰድና ጨርስ አለው።

አዳዳ ጥጃውን አወጣችው። ኦቦ ደበላ አንዴ ዞረው። እጁን ጀርባው ላይ አሳለፈ፤ ትከሻው ዘንድ ሲደርስ እጁ ቆመ። መልሶ ዳበሰው። የእኛ ጥጃ ከተወለደ ጀምሮ ሻኛው እንደ ቡጢ ያብጣል፤ ይህ ግን ጀርባው እንደ ጠረጴዛ ልሙጥ ነበር። ሁለተኛው ሽማግሌ ጉራቻን አይመስልም አለ፤ ሌላው ፂሙን ይዞ ሳቁን ዋጠ። የኦቦ ደበላ ፊት ጠቆረ።

«ቀንበሩን የት ላሳርፍበት ነው? ጆሮው ላይ?» አለ። «ይሄ የኔ ከብት አይደለም። ይሄ የኮርማ ሱሬ ልጅ ነው። በረቴ አይገባም።»

«ቃልህ ነው?» አለው ታላቁ ሽማግሌ።

«ቃሌ ነው። ላሜን ብቻ ስጡኝ።»

«እሺ፣ ጥጃው ታዲያ የማን ይሁን?» አለች አዳዳ። ድምጿን ከፍ አላደረገችም።

«ያስወጋሽው አንቺ። ያንቺ ነዋ!»

አዳዳ ጎንበስ ብላ ጥጃውን በአንገቱ አቅፋ ወደ ዳማ መራችው። ጡቱን ያዘ። ሲጠባ የሚያሰማው ድምፅ ከዝናቡ በላይ ይሰማ ነበር። እርሷም አጠገቡ ቆማ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች።

«ሰምታችኋል፤ ጥጃው የኔ ነው። እየጠባ ነው። በጉቴ የሚጠባ የሰው ጥጃ ከጡቱ ነጥቆ ላም የነዳ ሰው ካለ ንገሩኝ፣ ላሟን አሁን እፈታለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። የኦቦ ደበላ ቃል ወጥቷል። በመጨረሻ ታላቁ ሽማግሌ ምርኩዙን መሬት ላይ አቆመና፣ ጥጃው ጡት እስኪተው ላሟ እዚሁ ትቆያለች ብሎ ፈረደ።

«የሚተወው መቼ ነው?» አለ ኦቦ ደበላ።

«የፈረንጅ ጥጃ ሆዱ ሰፊ ነው ይላሉ» አለች አዳዳ።

ሽማግሌዎቹ በአንድነት ሳል ያዛቸው። ኦቦ ደበላ ዞሮ ሊሄድ ሲል አዳዳ እንደገና ጠራችው።

«ገመዱን ተወው፣ ኦቦ ደበላ። ጥጃዬ ገመድ የለውም።»

እርሱም ገመዱን ከትከሻው አውርዶ ጭቃው ላይ ጣለውና ዝናቡ ውስጥ ገባ። አዳዳ አንስታ ውኃውን ጨመቀችው። ከጥቅምት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን እያየች፣ በእጇ ሰጠችኝ።

«በል አንተ እውነተኛ፣ እሰረው።»

ቋጠሮዬ እስከ ዛሬ በጉቴ የታወቀ ነው፤ እኔ ያሰርኩት ከብት አይፈታም። ያን ዕለት ግን ሳላጠብቀው ጥጃው ጎትቶኝ ወደ ጡቱ ሄደ፤ እኔም አልከለከልኩትም።